ሁሉንም መከተብ ወይስ የታማሚውን ዙሪያ ማጠር?

ወረርሽኝ ሲነሳ ክትባቱ ለማን ይቅደም? ክርክሩ ዛሬም አላበቃም።

የጅምላ ክትባት፦ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ማወቅ አይጠይቅም። ገንዘብና ባለሙያ ግን ይበላል።

የቀለበት ክትባት፦ ታማሚው ይለያል፤ አብሮት ያደረ፣ ሊጠይቀው የመጣ፣ ያስታመመው ሁሉ ተመዝግቦ ይከተባል። ቀጥሎ ደግሞ የእነዚህ ሰዎች ቤተሰብና ጎረቤት። ክትባቱ ጥቂት ነው፤ ልፋቱ የእግር ነው።

በ1966 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ የፈንጣጣ ክትባት ሲያጥር አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ፌጊና ባልደረቦቹ ሁለተኛውን መንገድ ሞከሩ፤ በሽታውም ተገታ። በአገራችንም መኪና በማይደርስበት ተራራ ሁሉ ሕዝቡን አዳርሶ መከተብ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻው ታማሚን ፈልጎ ዙሪያውን ማጠር ላይ አተኮረ፤ የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሌ ውስጥ ተገኘ።

አደጋውስ? ቀለበቱ አንድ የተደበቀ እንግዳ ካመለጠው ሰንሰለቱ ሌላ መንደር ይቀጥላል። ጅምላው ደግሞ አማካይ ቁጥሩ ያማረ ሆኖ ያልተከተቡት አንድ ቀበሌ ውስጥ ተሰባስበው ከተገኙ ዋጋ የለውም። በእኔ ግምት ይህኛው ይበልጥ ያታልላል፤ ሪፖርቱ ላይ አይታይምና።

ፈንጣጣ በአብዛኛው የሚተላለፈው ሽፍታው ከወጣ በኋላ ስለሆነ ለቀለበት ይመቻል። ኢቦላም እንዲሁ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ጊኒ ውስጥ ተሞክሮ ሠርቷል። ኩፍኝ ግን ሽፍታው ከመታየቱ አራት ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚተላለፍ ቀለበቱ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ለእርሱ ከመቶ 95 ያህሉን አስቀድሞ መከተብ ይሻላል።