ቅጠሉን ሳያዩ የማይሸጡት ሰውዬ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለች አንዲት የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ባለውለታዬ ናት። ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። እንጆሪዬ የተረፈው ግን በእሷ ነው።

ሆጤ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ወደ 40 እግር እንጆሪ አለኝ። በልግ ላይ ቅጠሉ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አወጣ። መጠኑ የምስር ፍሬ ያክላል። ሲቆይ መሀሉ ነጣ፣ ዙሪያው ግን እንደቀላ ቀረ። መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ሱቅ ምንም ሳያይ የተባይ መድኃኒት በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ። ስም የለው፣ መጠን የለው። ሁለቴ ረጨሁት፤ ነጠብጣቡ ባሰበት። ለካ በሽታው ፈንገስ ነው። የነፍሳት መድኃኒት ምን ያደርግለታል?

እዚህኛው ሱቅ ግን ሰውዬው "መጀመሪያ ቅጠሉን ይዘሽልኝ ነይ" አሉኝ። በማግስቱ ወሰድኩላቸው። ደጅ ወጥተው በብርሃን እያገላበጡ አዩት።

"ውሃ እንዴት ነው የምታጠጪው?"

"በጎማ ነው ጋሼ፣ ከላይ። ማታ ማታ።"

"እሱ ነዋ! አብሽሪ፣ ይስተካከላል።"

ፈንገሱ ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚሻገረው በውሃ ፍንጣቂ ነው። ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ ደግሞ ይመቸዋል። ክረምት ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስማ አስቡት። የታመመውን ቅጠል ቆርጬ ከግቢ እንዳወጣ፣ ጠዋት ሥር ሥሩን እንዳጠጣ፣ የተጠጋጋውን እንዳሳሳ፣ መሬቱን ጭድ እንድጎዘጉዝበት ነገሩኝ። ያን ቀን ምንም አልሸጡልኝም!

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥቂት ነጠብጣብ ስለቀረ ማንኮዜብ የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ገዛሁ። "ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም" ብለው አስረዱኝ። እሽጉን ሳይከፍቱ ጽሑፉን አነበቡልኝ፤ ስንት እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ፍሬው እንደማይለቀም። ልጆቼ እንጆሪውን ከእግሩ እየቀጠፉ ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ ይሄ ለእኔ ከዋጋው ይበልጣል።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር፣ ትንሽ እሽግ የላቸውም። ለ40 እግር ብዬ የተረፈኝ መድኃኒት ቆጥ ላይ ተቆልፎበታል። ለጓሮ አትክልት የሚሆን ቢያመጡ ብዙ ሰው ይገዛቸዋል። አርብ ደግሞ ለጁምዓ ስለሚዘጉ በጠዋት ሂዱ።

አሁን አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ነው። ከታመሙት እግሮች የወጡትን አዳዲስ የእንጆሪ ችግኞች ግን ጎረቤት ቢለምነኝም አልሰጠሁም፤ በሽታው አብሮ ይሄዳል።