የቅዳሜው የኤልሳት ማጠናከሪያ፦ 35 ደቂቃን ስለማብቃቃት

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ለኤልሳት፣ የሚዘጋጁ የአገራችንን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምር አንድ አነስተኛ ማጠናከሪያ አለ። እኔ ለስምንት ቅዳሜዎች 640 ዶላር ከፍዬ ተምሬ በጁን 2024 ተፈተንኩ፤ ይህም የሎጂክ ጨዋታዎች የሚባለው፣ በተሰጡ ደንቦች መሠረት ሰዎችን ወይም ነገሮችን በቅደም ተከተል ወይም በምድብ ማስቀመጥን የሚጠይቀው ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠበት ዙር ነበር። ዘንድሮ ታናሽ እህቴ እዚያው ልትመዘገብ አስባ ምክር ስለጠየቀችኝ፣ ለሌሎችም ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን እጽፋለሁ።

በዚያ ክፍል በ35 ደቂቃ አራት ጨዋታዎች፣ በእያንዳንዳቸው ሥር ከአምስት እስከ ሰባት ጥያቄዎች፣ በድምሩ 23 ገደማ ይቀርቡ ነበር። ሰዓት ባይያዝ ኖሮ አብዛኞቻችን ሁሉንም እንመልሳቸው ነበር፤ ሰዓት ሲያዝ ግን ሁለተኛውን ጨዋታ ሳንጨርስ ከግማሽ በላይ ጊዜ አልፎ እናገኘዋለን። ማጠናከሪያው ገንዘቤን የሚያወጣ መሆኑን ያመንኩት መምህራችን ይህ ጊዜ የት እንደሚባክን በሥራ ስላሳዩን ነው።

አንዱን ምሳሌ ልጥቀስ። ሰባት ጎረቤታሞች ከሰኞ እስከ እሑድ በየቀኑ አንድ አንድ ሆነው ቡና ያፈላሉ እንበል። ጫላ ረቡዕ ያፈላል፤ ሀና የምታፈላው በበላይ ዋዜማ ነው፤ የደስታ ቀን ከበላይ በኋላ ነው። እኔ ደንቦቹን ገልብጬ ወዲያው ወደ ጥያቄዎቹ እሮጥ ነበር። መምህራችን ግን ጥያቄዎቹን በወረቀት አስሸፍነው፣ ሀናና በላይ ተያይዘው የሚገቡበትን ቦታ ብቻ እንድንፈልግ ያዙን ነበር። ረቡዕ ስለተያዘ ሰኞና ማክሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ ወይም ቅዳሜና እሑድ ይቀራሉ፤ ደስታ ከኋላ መምጣት ስላለባት ደግሞ የመጨረሻው ይወድቃል። ቀኖቹን በወረቀት ላይ አሰልፈን የምንሥላቸው ሦስት ሥዕሎች ብቻ ቀሩ ማለት ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ሦስት ደቂቃ የሚያጠፋ ሰው ጊዜ ያባከነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም።

ሌላው ትልቅ ጥቅም ማብራሪያው በአማርኛ መሆኑ ነው። «ኦንሊ ኢፍ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ብዙዎቻችንን አንድን ደንብ ሦስት ጊዜ ያስነብበን ነበር። መምህራችን «ጫላ የሚመረጠው ሀና ከተመረጠች ብቻ ነው» ብለው ጻፉልን። ጫላ ካለ ሀና አለች፤ ሀና አለች ማለት ግን ጫላ አለ ማለት አይደለም። በራሳችን ቋንቋ አንዴ ከገባን በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ቀረ።

ጉድለቶችም ነበሩ፣ ቀላልም አልነበሩም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 35ን ለአራት አካፍለን ለእያንዳንዱ ጨዋታ 8 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ እንድንሰጥ ተደርገናል። በዚህ ምክንያት በስድስት ደቂቃ ያለቀልኝን የቅደም ተከተል ጨዋታ ሰዓቱ እስኪሞላ ደግሜ ስፈትሽ ቆይቼ፣ ከባዱን የምድብ ጨዋታ በግምት ሞልቼ ወጣሁ። ሁሉም ጥያቄ እኩል ነጥብ ስለሚይዝ ቀላሉን ቀድሞ ጨርሶ የተረፈውን ጊዜ ለከባዱ ማሻገር ይገባ ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት መምህሩ ራሳቸው ወደዚህ ተመለሱ፣ እኛ ግን ልማዱን ለመተው ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ከዚህ በተጨማሪ የምንለማመደው በታተመ ወረቀት ላይ ነበር፤ ፈተናው ግን በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ደንቡ በማያ ገጹ ላይ፣ ሥዕሉ በሌላ ወረቀት ላይ ይሆናል። ዓይን በሁለቱ መካከል በተመላለሰ ቁጥር ሰከንዶች ይሄዳሉ፤ ይህንን ያወቅሁት ፈተናው ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ነው።

ከኦገስት 2024 ጀምሮ የሎጂክ ጨዋታዎች ከፈተናው ወጥተዋል። አንድ ዓይነ ስውር ተፈታኝ ክፍሉ ሥዕል መሣልን የሚጠይቅ መሆኑን በመቃወም የመሠረተው ክስ በ2019 በስምምነት መቋጨቱ ለዚህ መንገድ ከፍቷል፤ ለውጡ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ነጥብ የሚያዝባቸው አጫጭር ክርክሮችን መመርመርን የሚጠይቁ ሁለት የሎጂካዊ አመክንዮ ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ሲሆኑ፣ በአመክንዮው 25 ገደማ ጥያቄዎችን በ35 ደቂቃ መመለስ ያስፈልጋል። የ«ኦንሊ ኢፍ» ትምህርት ለዚህኛውም በቀጥታ ይሠራል። ረጅሙን ጥያቄ ምልክት አድርጎ ማለፍ፣ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስም አምስት ደቂቃ ሲቀር ባዶ የቀሩትን መሙላት እንደዚሁ ያገለግላሉ። የሥዕሉ ትምህርት ግን ከስምንቱ ቅዳሜዎች አምስቱን ይወስድ ስለነበር፣ ፕሮግራሙ ካልተቀየረ 640 ዶላር ይበዛል።

ለእህቴ የነገርኳት መጀመሪያ በፈተናው አዘጋጆች ድረ ገጽ፣ በሎውሀብ፣ ያለ ክፍያ የሚገኙትን የልምምድ ፈተናዎች ሰዓት ይዛ እንድትሠራ ነው፤ እዚያ ቆጣሪው፣ የጥያቄ ምልክቱና የማያ ገጹ አቀማመጥ ከእውነተኛው ፈተና ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ በኋላ መምህሩ በአማርኛ የሚያብራሩባቸውን ሦስቱን ቅዳሜዎች ብቻ ነጥለው የሚያስከፍሉ ከሆነ ትመዝገብ።