ጀልባ ላይ የሚኖር ዘመድ ሲመጣ፦ ጀጎል ውስጥ ያደርንበት የእንግዳ ቤት

ጥፋቴን በመናገር ልጀምር። ዘመድ መጥቶብኝ ቤቴ አላሳደርኩትም፤ ሐረር ወስጄ የእንግዳ ቤት ተከራየሁለት። እናቴ ስትሰማ "የእህቴ ልጅ አገሩ ገብቶ በብር ይደር?" ብላ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለት ቀን ስልኬን አላነሳችም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ግማሹ ስለ ቤቱ ነው፣ ግማሹ ራሴን ለመከላከል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድም ጋሼ (ያክስቴ ልጅ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ግን እንዲህ ነው የምጠራው) ከሚስቱ ጋር የሚኖረው የሸራ ጀልባ ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ የሚዝናኑበት እንዳይመስላችሁ፤ ቤታቸው እሱ ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ መጽሐፉ፣ የክረምት ልብሱ፣ ሁሉም 12 ሜትር ውስጥ ነው። ዓምና ጥር ላይ ጅቡቲ መልሕቅ ጥለው ሳለ በባቡር ሄጄ ስድስት ቀን አብሬያቸው ሰነበትኩ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ተመልሰው ጅቡቲ ሲደርሱ ደግሞ ተራው የሱ ሆነ። ሚስቱ ጀልባውን ልትጠብቅ ቀረች (መልሕቅ የጣለ ጀልባ ባዶውን አይተውም)፣ እሱ ብቻውን ከጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ባቡር ተሳፍሮ ድሬ (ድሬዳዋ) መጣ።

የኔ ቤት እዚያው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። አንዲት ክፍል፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። በመጋቢት ድሬ ቆርቆሮ ስር ማደር ምን እንደሆነ ለድሬ ልጅ አልነግርም። እናቴ ቤት ደግሞ ከወንድሜ ልጆች ጋር ሰባት ሰው አለ። እናቴን አውቃታለሁ፤ አልጋዋን ለሱ ለቃ መሬት ላይ ፍራሽ ታነጥፍ ነበር። እሱም ያውቃታል። ለዚህ ነው ገና ሳይመጣ ደውሎ "እባክሽ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ፈልጊልኝ፣ ጠባብም ቢሆን" ብሎ የለመነኝ።

እዚያ ጀልባ ላይ እንግዳ መሆን ምን እንደሚመስል ካልነገርኳችሁ ልመናው አይገባችሁም። ገና ከድሬ ሳልነሳ "ጠንካራ ሻንጣ እንዳታመጪ" ብሎኝ ነበር። የማይታጠፍ ነገር ማስቀመጫ የለማ። እናቴ ግን በርበሬውንና ሽሮውን ባለ ጎማው ሻንጣ ሞልታ ሰጠችኝ፣ ስድስቱንም ሌሊት ሻንጣ እግሬ ስር ሸጉጬ አደርኩ። "ቀኑን ምረጪ ወይ ቦታውን ምረጪ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አታገኚም" አለኝ ደግሞ። ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ለእንግዳ ሁሉ የሚሏት ነገር ናት፤ መቼ የት እንደሚደረስ የሚወስነው ነፋሱ ነዋ። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በዚያ ወቅት የሚታየውን ዌል ሻርክ የሚባል ግዙፍ ዓሣ አያለሁ ብዬ ስቋምጥ፣ ሦስት ቀን ነፋሱ ከፊት ለፊት እየመጣ ከወደቡ ፈቀቅ አላልንም።

ከሁሉ የባሰው ግን ውሃው ነው። ታንከራቸው 300 ሊትር ይይዛል፣ ሁለቱ በሱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያሉ። ሰሃን በባሕር ውሃ ይታጠባል፣ በመጨረሻ ብቻ ጨው በሌለው የታንከሩ ውሃ ለቅለቅ ይደረጋል። ገላ ስትታጠቡ ሰውነታችሁን ታረጥባላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ በሳሙና ትታሻላችሁ፣ ከፍታችሁ ታለቀልቃላችሁ፣ አለቀ። ሽንት ቤቱ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ አለው፣ ሕጉም አንድ ነው፦ መጀመሪያ በአፍሽ ያልገባ ነገር እዚያ አይገባም፣ ሶፍት እንኳ። ሦስተኛው ቀን ላይ እኔ ረስቼው ፀጉሬን እንደ ቤቴ ታጠብኩ። ከወለሉ ስር የሚሰማው የፓምፕ ድምፅ ድንገት ተቀየረ፣ አየር መሳብ ጀመረ። ስወጣ ወንድም ጋሼ ከደረጃው ስር ቆሞ ነበር። ምንም አላለም። ዝም ብሎ ፓምፑን አጠፋና ሻይ ጣደልኝ። ያ ዝምታ ከስድብ ይከብዳል። ቤቴ ብሆን በር ዘግቼ አለቅስ ነበር፣ እዚያ ግን የሚዘጋ በር የለም። የኔ አልጋ እነሱ ቀን ቀን ምሳ የሚበሉበት መቀመጫ ነው።

እሺ፣ ወደ ቤቱ። ስሙን አልጽፈውም፣ ቅሬታም ስላለኝ። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር ውስጥ ነው፣ ከሸዋ በር ገብታችሁ ብዙም ሳትርቁ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ውስጥ። ከድሬ በሚኒባስ ወጣን። ውቅያኖስ የተሻገረው ሰውዬ ደንገጎ ዳገት ላይ አጥወለወለውና ፌስታል ጠየቀ፤ ይህን ለሚስቱ እንዳልነግር አስምሎኛል።

የድሮ የሐረሪ ቤት ያላየ ሰው እንዲገባው ትንሽ ላብራራ። ዋናው ክፍል ውስጥ ወንበር የሚባል የለም፤ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፣ ነደባ ይባላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ስምና ማዕረግ አለው፣ አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራ መቀመጫ ነው። ወንድም ጋሼ ጫማውን አውልቆ ቀጥ ብሎ ሄዶ እዚያው ላይ ዘፍ አለ። የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የእናቴ እኩያ የሚሆኑ ሴት፣ ሳቁና "ልጄ፣ የዚህ ቤት ሹም ሆነሃል?" ብለው ወደ ሌላው አሻገሩት። ወለሉ ቀይ ነው፣ በጨለንቆ ጦርነት (1879 ዓ.ም.) የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ መክተቻ መክተቻ አለ፣ የቀረው ቦታ ሁሉ በስፌትና በሰሃን የተሸፈነ ነው። ሌላ እንግዳ ይህን ለፎቶ ይወደዋል። እሱ ግን ቆሞ ሲቆጥር አየሁት። "እዪ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ የለም። ሁሉም ቦታ አለው።" እንደ ባለሙያ ነበር ያደነቀው።

ከዋናው ክፍል በስተጎን ክርታት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፣ ድሮ አዲስ ሙሽሮች ከሰው ተለይተው የሚሰነብቱባት። እሷን ሰጡት። ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ፍራሿ ከግድግዳ ግድግዳ ትደርሳለች፣ በሯ ይዘጋል። ደስታው! እኔ ላይኛው ፎቅ፣ ቀላ የሚሉት ላይ አደርኩ። ሁለት ቀን ውስጥ ሁለቴ ጭንቅላቴን መታሁ፣ እሱ አንዴም አልመታም።

ቁርስ አሥር ከአሥር። ፈቲራ በእንቁላልና በማር፣ ከዚያ ሆጃ፣ ከቡና ገለፈት በወተት የሚፈላው። ጅቡንም ሄደን አየን፣ እሱ ላይ ሁሉም ሰው ስለጻፈ አልደግመውም። አንሶላው ንጹሕ ነው። መብራት አንዴ ጠፋ፣ ሻማ ወዲያው መጣ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ድምፅ ሰምቼ ወረድኩ። ወንድም ጋሼ በካልሲ ቆሞ ሰማይ ያያል፣ ስልክ ጆሮው ላይ። "ስንት ሆነ?" ይላል። ሚስቱ "18 ኖት፣ መልሕቁ ይዟል፣ ተኛ" ስትለው ለኔም ተሰማኝ (ኖት የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው)። ለካ ሌሊት ተነስቶ ነፋሱን ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም።

አሁን ቅሬታዬ። በመጀመሪያው ማታ እሱ ባለቤትዋን የጠየቃቸው ጥያቄ ዋይፋይ አለ ወይ አልነበረም፣ "ሮቶው ስንት ሊትር ነው? ስንት ሰው ነን?" ነው። "አንድ ሺህ፣ አትስጋ" አሉት። ውሃው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገረንም። ሐረር የውሃ ነገር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ድሮ ከሐረማያ ሐይቅ ይመጣ ነበር፣ ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ከታች ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች እየተገፋ ነው ተራራውን የሚወጣው፣ ሰፈሩም በተራ ነው የሚያገኘው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሌሎቹ እንግዶች አንድ በአንድ እየዘፈኑ ታጠቡ። መታጠቢያው አንድ ነው፣ የጋራ። የኔ ተራ ደርሶ ፀጉሬን ሳሙና በሳሙና ካደረግሁ በኋላ ቧንቧው ፍስስ ብሎ ቆመ።

በሩ ተንኳኳ። "ተሳሙነሻል?" አለኝ።

"አዎ።"

"እጅሽን አውጪ።"

ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ አቀበለኝ። ማታ ከመተኛቱ በፊት ሞልቶ ክርታቷ ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል። በሦስት ሊትር ያን ሁሉ ፀጉር አጠብኩት፣ ጀልባው አስተምሮኛላ። ባለቤትዋን ስጠይቅ "ተራችን ሐሙስ ነው ልጄ፣ አልነገሩሽም?" አሉኝ። ማን ይንገረኝ? ሰው ከፍሎ ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው ነገር እኮ ነው፣ በር ላይ ወረቀት ቢለጠፍ ይበቃል።

ሁለተኛው ቅሬታ ዋጋው ላይ ነው። ለኔ 1,500 ብር፣ ለሱ የውጭ ፓስፖርት ስላለው እጥፍ። ከኔ የበለጠ አማርኛ የሚያወራ ሰው ነው! ተከራክሬ መሃል ላይ ተስማማን። አስቀድማችሁ በስልክ ጨርሱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት እናቴ ዶሮ ወጥ በሰርቪስ ይዛ ከች አለች። ለጠብ ነው የመጣችው፣ ፊቷን አይቼ አውቄዋለሁ። ባለቤትዋ በር ላይ ተቀብለው፣ እጇን ይዘው አስገብተው፣ ጥሩውን ነደባ ላይ አስቀመጧት። በሁለት ሰዓት ውስጥ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ ተያይተው ጨርሰዋል። ማታ "አትሄጂም" ተባለች፣ እዚያው ነደባ ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ አደረች። ሒሳብ ስጠይቅ "የእናትሽን? እፈሪ!" ብለው ተቆጡኝ። እናቴ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስለ በብር ማደር አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዷን የወሰደብኝ ያ ቧንቧ ነው።

ሚስቱ ከጅቡቲ ሳይነሱ በፊት ለሦስት ቀን ትመጣለች፣ እሱ ጀልባውን ይጠብቃል። ክርታቷን ይዤላታለሁ። ቦታውን እኔ መረጥኩ፣ ቀኑን ግን ሮቶው፦ ሐሙስ ማታ ነው የምትገባው።