ሃምሳዋ ሌንስ፦ ከአደይ አበባ እስከ ኅዳር ጭስ

ይህን መፀው በሙሉ የሠራሁት በአንድ ሌንስ ነው። ካኖን ኢኤፍ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ትባላለች። እኛ ፎቶ አንሺዎች ግን «ሃምሳዋ» ነው የምንላት። መፀው በቁጥር የሚገባው መስከረም 26 ነው፤ ለእኔ ግን አደይ ስትፈነዳ ይጀምራል። ከእንቁጣጣሽ ማግስት እስከ ኅዳር ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞርኩ ቤተሰብ ሳነሳ ሌንሷ ከካሜራዬ ላይ አልወረደችም። ሦስት ወር አብሮ የከረመ ዕቃ ጠባዩ ይታወቃል። እኔም ያወቅኩትን ልንገራችሁ።

ዋና ሥራዬ ሰርግ ነው። ለሰርግ የምይዘው ዙም ሌንስ 670 ግራም ይመዝናል፤ ቢበዛ የሚከፈተውም እስከ ኤፍ 4 ነው (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንስ ይበልጥ ይከፈታል፣ ብርሃንም ይበዛል)። አዳራሽ ውስጥ መብራትም ፍላሽም ስላለ አያስቸግርም። የሰው ሳሎን ግን ሌላ ነው። የገባሁባቸው አብዛኞቹ ቤቶች አንድ መስኮት ነው ያላቸው፤ እሱም ወፍራም መጋረጃ አለው። ፍላሽ ሲበራ ሕፃን ይደነግጣል፣ አያት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሃምሳዋ እስከ 1.8 ትከፈታለች። ይህ ከኤፍ 4 ጋር ሲተያይ አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ነው። ክብደቷ ደግሞ 160 ግራም ብቻ። ካሜራዬ የቆየች ካኖን ሲክስዲ ናት። ሁለቱን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው መጋረጃ እገልጣለሁ።

የገዛኋት ያገለገለች ነው፤ በ14 ሺህ ብር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ የድሮዋን ሃምሳ አውጥቶ «ያቺው ናት» አለኝ። ያቺው አይደለችም። የድሮዋ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣች ናት፤ ኤስቲኤሟ በ2015። ገልብጣችሁ ካሜራው ላይ የሚገጥመውን ቀለበት እዩት። የድሮዋ ፕላስቲክ ነው፤ የአዲሷ ብረት። ከፊት የፊልተሩ ልክ የድሮዋ 52 ሚሊሜትር ነው፤ የአዲሷ 49። የድሮዋ ከ45 ሴንቲሜትር በታች ብትጠጉ ፎከስ አትይዝም፤ አዲሷ እስከ 35 ድረስ ትጠጋለች። አሥር ሴንቲሜትር ምን ያደርጋል እንዳትሉ፤ ወደኋላ እንመጣበታለን። ሌላው ሻጋታ ነው። ክረምቱን እርጥበት ቤት ውስጥ የከረመ ሌንስ ይሻግታል። የሞባይል መብራት ከኋላ አብሩና ከፊት ተመልከቱ። መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ተዉት፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ።

አሁን ወደ ሥራው። መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዲት ልጅ ከጅዳ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ቤተሰቧ ጉለሌ ነው የሚኖረው። «ሁሉንም አንድ ላይ አንሺልኝ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፦ «የእማዬን እጅ ግን ለብቻው። ስትፈትል።»

እማማ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ጠበቁኝ። ሁለቱም እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ፊታቸው ኮስተር ብሏል። ይህን አቀማመጥ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ስቱዲዮ የሚኬደው በክት ልብስ ነበር፤ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ቀጥ ተብሎ ይቆማል፤ ሳቅ የለም። ፎቶ መነሳት ክብር ነበርና። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን «ለማላላት» ይታገላሉ። እኔ አልወድም። መጀመሪያ እንደተቀመጡት አነሳኋቸው፤ ያም ፎቶ ከጥሩዎቹ አንዱ ነው።

ከዚያ፣ «እማማ፣ አሁን ወደኔ አይዩ። ሥራዎን ይሥሩልኝ» አልኳቸው።

«ምን ሥራ አለኝ ልጄ» አሉና እንዝርታቸውን አነሱ።

ባዘቶው በግራ እጃቸው ነው። እንዝርቱን በቀኝ መዳፋቸው ጭናቸው ላይ ሽር አድርገው ይለቁታል። እየሾረ ሲወርድ ክሩ ከባዘቶው ውስጥ ይሳባል፤ ግራ እጃቸውም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። የግራ አውራ ጣታቸው ጫፍ ክር ሲያልፍበት ስለኖረ ለስልሷል፤ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል። ያቺ አሥር ሴንቲሜትር እዚህ ጋ ነው የምታስፈልገው። እስከ አርባ ሴንቲሜትር ያህል ተጠጋሁ። በ1.8 ሳነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ክሩ ወጣ፣ ጥፍሩ ደበዘዘ። ደግሜ አነሳሁ፤ አሁን ደግሞ ጥፍሩ ወጣ፣ ክሩ ጠፋ። ሌንሷን ወደ 4 ስዘጋት አንድ ሴንቲሜትር ከትንሽ አገኘሁ። ክርም ጣትም አንድ ላይ ገቡ። ወደ አርባ ጊዜ አንስቼ አንዷ ተሳካች። ባዘቶው ከጣታቸው ሥር እንደ ጉም ነው፤ ክሩ ከውስጡ እንደ መስመር ይወጣል።

1.8 ስለተጻፈባት ሁልጊዜ በ1.8 ለማንሳት አትቸኩሉ። አንድ ሜትር ላይ ሆናችሁ ፊት ስታነሱ የሚጠራው አራት ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የቅርቡ ዓይን ጠርቶ ጆሮ ይደበዝዛል። ለአንድ ሕፃን ያምራል። ለእናትና ልጅ ግን ከሁለት አንዱ ይጠፋል። እኔ ለሁለት ሰው 2.8 ላይ፣ ለሙሉ ቤተሰብ 5.6 ላይ አደርጋታለሁ። 2.8 ላይ የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ሙሉ ቤተሰቡን ማንሳት ግን አስቸጋሪ ነበር። ይህ የሌንሷ ዋናው ገደብ ስለሆነ በግልጽ ልናገረው። ዘጠኝ ነበሩ። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው፣ ቡፌው፣ ቴሌቪዥኑ አለ፤ ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሦስት ሜትር አገኘሁ። ከሦስት ሜትር ላይ በሃምሳ ሚሊሜትር የሚገባው ወርድ ሁለት ሜትር ከትንሽ ነው። አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ከቆመ ሞላ። ሁሉንም ወደ ግቢ አወጣኋቸው። አምስት ሜትር ርቄ፣ እማማን መሐል አስቀምጬ፣ ልጆቹን ሣሩ ላይ አድርጌ አነሳሁ። ግቢ የሌለው ኮንዶሚኒየም ቢሆን ኖሮ ሌላ ሌንስ ያስፈልገኝ ነበር። የእናንተ ካሜራ ትንሽ ሴንሰር (ምስሉ የሚያርፍበት ገጽ) ያላት ከሆነች ደግሞ ሃምሳዋ እንደ ሰማንያ ነው የምትሆንባችሁ፤ ቤት ውስጥ የበለጠ ትጠባለች። ለእናንተ የካኖን ኢኤፍ-ኤስ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ትሻላለች።

ነጭ ልብስን ላንሳ። የእኛ የበዓል ልብስ ነጭ ነው፤ ፊታችን ደግሞ ጠይም። ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል። ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል። ይህ የሌንስ ጉዳይ አይደለም፤ ግን ቤተሰብ የሚያነሳ ሁሉ ያገኘዋል። ብርሃኑን ከፊት ላይ ለኩ። በሮው (ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ። የጥበቡ ቀለም ሳይጠፋ ፊት መውጣት አለበት።

ሽሮ ሜዳ የሄድኩት ጥቅምት ውስጥ ነው። ሸማኔ አባት፣ ሚስታቸውና ሦስት ልጆቻቸው። ልጆቹ የለበሱት አባታቸው የሠሩትን ነው። ሚስትየው የፈለጉት ፎቶ ባላቸው ሥራ ላይ ሆነው ልጆቹ አጠገባቸው የቆሙበትን ነበር። የሽመና ቤቱ ብርሃን የሚያገኘው ከበሩ ብቻ ነው። አባት እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይበራል። ሌንሷን 2 ላይ አድርጌ፣ አይኤስኦውን (የካሜራውን ብርሃን የመያዝ አቅም) 3200፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) አንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ ሰከንድ አደረግኩ። የሰውየው ፊት ጠርቷል፣ ትንሿ ልጅ አባቷን ታያለች፣ መወርወሪያው ግን እንደ ነጭ ጭረት ሆኖ አለፈ። በዙሜ ሌንስ ቢሆን አይኤስኦውን ከአሥር ሺህ በላይ መግፋት ነበረብኝ። ይህች ሌንስ ዋጋዋን የመለሰችው እዚያ በር ሥር ነው።

ኮልፌ ደግሞ ሞሰብ የሚሰፉ እናት አነሳሁ። ወስፌያቸውን፣ በአለላ የተከበበ ጉልበታቸውን፣ ጎናቸው ላይ የተጋደመውን አክርማ። ቀይና አረንጓዴው አለላ በዚህች ሌንስ ሳይጋነን በራሱ ቀለም ይወጣል።

ከሁሉ የወደድኩላት ግን ሌላ ነገር ነው። ዙም የላትም። ፊት ለማንሳት ከፈለግሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ። ሰውን ከደረቱ በላይ ለማንሳት አንድ ሜትር ተኩል ላይ ትቆሚያለሽ። ይህ የቡና ተጋባዥ የሚቀመጥበት ርቀት ነው። እዚያ ቆሞ ዝም ማለት አይሆንም። ሰው ያናግርሻል። «የማን ልጅ ነሽ?» ይልሻል። «ብይ እንጂ» ይልሻል። በዙም ከጥግ ሆኜ ሳነሳ ሰዎች ካሜራውን ነው የሚያዩት፤ በሃምሳዋ ሲሆን እኔን ያዩኛል። ብዙ ጊዜ ካሜራውን ያነሳሁት ሁለተኛው ቡና ላይ ነው። ጀበናው ወርዶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ የእጣኑ ጭስ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲወጣ። መስኮት ፊት ለፊት ሲመጣ የምስሉ ንጣት ይጨምራል፤ ጥላ መከላከያዋ ለብቻ ስለምትሸጥ እኔ በእጄ መዳፍ እከልላታለሁ።

ውጭ ሲሆን ደግሞ ጠዋትን ያዙ። እንጦጦ ላይ ከአንድ ቤተሰብ ጋር አደይ ውስጥ ያነሳነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። በኤፍ 2 ሲነሳ ከኋላ ያለው አበባ ሁሉ አንድ ቢጫ ሆኖ ይቀልጣል። 3 ሰዓት ሲሆን ጥሩው ብርሃን አለቀ። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ፀሐይዋ ቶሎ ከፍ ትላለች፣ ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ታመጣለች። አደይም ብዙ አትቆይም። ጥቅምት ሲገባ ብርዱ ይመጣል፣ ሰውም «በጥቅምት አንድ አጥንት» ማለት ይጀምራል፤ አበባው ረግፏል።

ኅዳር 12 ቀን ካሜራ ያነሳሁት ሰው ጠርቶኝ አይደለም፤ ለራሴ ነው። ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማውን ሲፈጅ የተጀመረ ነው ይባላል። ጎረቤቶቼ ግቢያቸውን ጠርገው ጥራጊውን በር ላይ ያቃጥላሉ። አንድ አባትና ሁለት ወንድ ልጆቹ መጥረጊያ ይዘው ጭሱ ውስጥ ቆመው ነበር፤ ፀሐይዋ ከኋላቸው ናት። ጭስ ውስጥ ማንኛውም ሌንስ ፎከስ ፍለጋ ይዋልላል፤ ስለዚህ ወደ ማንዋል ቀየርኩ፤ ፎከሱን በእጄ አዞርኩ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁ። የዚህች ሌንስ የፎከስ ቀለበት የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ካሜራው ካልተከፈተ ብታዞሩትም አይሰማም። ደግሞም ከፊት ያለችው ቱቦ ፎከስ ሲደረግ ወጣ ገባ ትላለች። ቦርሳ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ወደ ውስጥ አስገቧት፤ ከመታችኋት ሞተሯ ይጎዳል። ንዝረት መከላከያም የላትም። ልጆች ሲሆኑ ሹተሩን ከአንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ በታች አላወርድም። ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ የሞተሯ ድምፅ ዝቅ ያለ ቢሆንም ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ማይክ ላይ ይገባል።

ግቢ ወይም በረንዳ ያለውን ቤተሰብ ለሚያነሳ፣ ሥራ ለሚጀምር፣ በቤቱ እናቱንና ልጆቹን ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህች በፊት ሌላ ሌንስ እንዲገዛ አልመክርም። እኔ ለጠባብ ቤት 35 ሚሊሜትር ለመጨመር ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ሃምሳዋን ግን አልሸጥም።

የጅዳዋ ልጅ የእጁን ፎቶ 30 በ40 አሳትሜ እናቷ ዘንድ እንዳደርስላት ጠየቀችኝ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወሰድኩላቸው። እማማ ወደ መስኮቱ ወሰዱት። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። ስለ እጃቸው ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ በጣታቸው ክሩን ተከትለው ሄዱ፤ ከባዘቶው እስከ እንዝርቱ።

«ቀጭን ወጥቷል» አሉኝ። «ለነጠላዋ ማግ ይሆናል።»