የአባቴን ስኳርና ልብ አንድ ላይ ላዩልን ሐኪም

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባቴ ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጥቂት ሲራመዱ ይደክማቸውና ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ስንመላለስባቸው የከረምንባቸውን ቦታዎች ስም አላነሣም። በአንዱ የጧት ስኳራቸውን ልክ አይቶ መድኃኒት ከመጨመር በቀር ቀና ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም፤ በሌላው ደግሞ ደረቴን አላመመኝም ስላሉ ብቻ «እርጅና ነው» ተብለው ተመለሱ። አንድን ሽማግሌ ስኳሩን እዚህ፣ ልቡን እዚያ ብሎ ማከም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን የሚከታተሏቸው የውስጥ ደዌ ሐኪም ግን ወረቀቱን አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደ አባቴ አስጠጉና «አባባ፣ ደረጃ ሲወጡ ምን ይሰማዎታል? ሌሊትስ ያልብዎታል?» ሲሉ ጠየቋቸው። አባቴም ለእኛ ለልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩንን፣ ሌሊት በላብ ተጠምቀው ልባቸው እየደለቀ እንደሚነቁ ተናገሩ። እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ ሐኪሟ ሳይቸኩሉ አስረዱን። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ በልብ ሕመም የመያዝን ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ነርቭንም ስለሚያደነዝዝ ልብ ታምሞ ደረት ላይ ምንም ላይሰማ ይችላል። የላቡ ምክንያት ደግሞ ሌሊት ስንለካ ተገኘ፤ መድኃኒቱ ስለበዛባቸው ስኳራቸው ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ይወርድ ነበር፤ ይህም ለደከመ ልብ አደጋ ነው። ለብዙ ሰው ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን የሚፈለገው የሦስት ወር አማካይ የስኳር ልክ (HbA1c የሚባለው የደም ምርመራ)፣ በዕድሜ ለገፋና ተደራራቢ ሕመም ላለበት ሰው እስከ 8 በመቶ ሊላላ እንደሚችል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

የልብ አልትራሳውንዱን ውጤት ቢያነቡልኝም ብዙው አልገባኝም። የስኳሩ መድኃኒት ተቀነሰ፣ ለልባቸው ሕክምና ተጀመረ፣ ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸውም አብሮ መታየት ያዘ። ዛሬ አባቴ ሌሊቱን ተኝተው ያድራሉ፤ ደረጃውንም ቀስ ብለው ይወጣሉ።

በዕድሜ የገፋ የስኳር ሕመምተኛ አባት ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ እኒህን ሐኪም አግኟቸው፤ ደግሜ እላለሁ፣ አግኟቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈለጉ በውስጥ ለሚጠይቀኝ እጠቁማለሁ። ስትሄዱ ታማሚው የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በአንድ ያዩታል።