የሲልቨር ስፕሪንጉ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ

የድሮ ፊልም እንደምሰበስብ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ደግሞ ቁም ሳጥኗን ስለተቀማች ከሁላችሁም በላይ ታውቃለች። የእኔ ፍቅር እ.ኤ.አ. በ1934 የሆሊውድ ሳንሱር ጠበቅ ከማለቱ በፊት ተሠርተው፣ ዛሬ ማንም የማያነሳቸው የወንበዴ ፊልሞች ናቸው። ከሁሉ የምሳሳለት የ1930ው «ዘ ዶርዌይ ቱ ሄል» ነው፤ ጄምስ ካግኒ ገና ስሙ ሳይገን የሉ ኤይርስ ቀኝ እጅ ሆኖ የሚሠራበት። ባለ 16 ሚሊሜትር ቅጂውን ስንት ለምኜ አገኘሁት፣ ከዚያ መከራዬን አየሁ።

መጀመሪያ እንዲጠግኑልኝ የሰጠኋቸው ሰዎች አራት ወር «ነገ ና» ሲሉኝ ቆይተው፣ ጭረቱን አባብሰው መለሱልኝ። ሌላ ቦታ ያለው ልጅ ቆርቆሮውን ከፈት አድርጎ አፍንጫውን ያዘና «ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፣ ጣለው» አለኝ። የድሮ ፊልም መበላሸት ሲጀምር እንዲህ ይሸታል። ለዚህች ምክር 60 ዶላር ከፈልኩ!

ፊልም የሚጠግኑትን ጋሼን የጠቆመኝ ወዳጄ ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ፊልም ያጫውቱ ነበር። እሳቸውም አሸተቱት፤ ግን «ጀምሮታል፣ ገና አልሞተም» አሉኝ። ምን እንዳደረጉለት አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም።

በሳምንቱ ማታ ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ትንሹ ልጅ መኪና ገጭቶት ሞቶ የለም እንዴ? ደግሞ መጣኮ!» ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የወንበዴው ታናሽ ወንድም ነው። ለካ የቀድሞዎቹ ጥቅሎቹን ሲመልሱ ቆርቆሮ አቀያይረውብኝ፣ ታሪኩ ፊትና ኋላው ተዛብቶ ኖሯል፤ እኔ እንዳይበጠስ ፈርቼ አላየሁትም። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ከዳር እስከ ዳር አይተውታል። ማን ነው ዛሬ የሰው ዕቃ እንዲህ የሚይዝ?

ልወስድ ስሄድ ትንሽ ፖስታ ሰጡኝ። ውስጡ ሲቀጥሉ የቆረጧት ፊልም አለች፣ ከጣቴ አትረዝምም። «ያንተ ንብረት ነው» አሉኝ። ወደ አምፖሉ ሳነሳት ባርኔጣ ያደረገ ሰው ትከሻ ይታያል።

እዚያው አብረን አየነው። አባቴ «አክተሩ አይሞትም» እያለ ነው ያሳደገኝ። እዚህ ፊልም ላይ ግን አክተሩ እያወቀ በሩን ከፍቶ ይወጣል፣ የምንሰማው ተኩሱን ብቻ ነው። ጋሼ መብራቱን ሳያበሩ ትንሽ ቆዩ። እኔም አባቴን አስቤ ዝም አልኩ።

የወላጆቻችሁ ፊልም በየምድር ቤቱ የተቀመጠ ካለ፣ እባካችሁ ለማንም አትስጡ፣ ለእሳቸው ስጡ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ። እሑድ ብቻ አትሂዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።