ሴሊካ፣ ኦዲ ቲቲ ወይስ ቶዮታ 86? ያገለገለ ስፖርት መኪና ለአዲስ አበባ ሰው

ሁለት ጓደኞቼ ባንድ ወር ውስጥ ስፖርት መኪና ልንገዛ ነው ብለው መጡና ደላላ የላከላቸውን ፎቶ አሳዩኝ፣ አንዱ ጋ ሴሊካና ቶዮታ 86 ሌላው ጋ ኦዲ ቲቲ። እኔ ሴሊካ ከያዝኩ አምስት አመት ሆኖኛል፣ ሌሎቹንም ደጋግሜ ነድቻቸዋለሁ፣ ስለዚህ ለነሱ ያልኳቸውን ለናንተም ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ማወራው በፈረንጅ ከ1999 እስከ 2006 ስለተመረተው የመጨረሻው የቶዮታ ሴሊካ፣ ስለመጀመሪያው ቲቲ ባለ 1.8 ቱርቦው፣ እና በ2012 ስለወጣው 86 ነው።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ ሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው ውስጥ ያለው ያው ያለው ነው፣ ሌላ አይመጣም። ስለዚህ መኪናው ነገ ሲበላሽ እቃው ከየት ይመጣል የሚለውን ዛሬ ብሩን ሳትከፍሉ ጨርሱት። እኔ ምመዝነው በሁለት ነገር ነው፣ በከፍታውና በእቃው፣ መልክ ከዛ በኋላ ነው።

ከፍታው ስል ምን ማለቴ ነው፣ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሞ ሚስበው አየር በሳሳ ቁጥር ጉልበቱ ይወርዳል፣ እዚህ አንድ አምስተኛው አካባቢ ይጠፋል በሉት። ወረቀት ላይ 200 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት 86 እዚህ 160 አካባቢ ነው፣ 140 ሚባለው ሴሊካ ደሞ 110 አካባቢ፣ ደላላው ከስልኩ ቁጥር ሲያነብላችሁ ይቺን ሂሳብ ስሩ። ቲቲው ግን ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከሁለቱ ያነሰ ነው ሚያጣው፣ 180ም 225ም የፈረስ ጉልበት ያላቸው አሉ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጡ ሴሊካው ማርሽ ቀንሱልኝ እያለ ሲለምን ቲቲው ዝም ብሎ ይወጣል። እንደውም ሴሊካዬን ይዤ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ በወረድኩ ቁጥር መኪናው የነቃ ይመስለኛል፣ አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ነው፣ አየሩ ወፍሯል።

በዚህ ብቻ ቢሆን ቲቲን ግዙ ብዬ እጨርስ ነበር። ግን ያ ቱርቦ እዚህ ከፍታ ላይ ያንኑ ጉልበት ለመስጠት ከባህር ዳርቻ አገር ይበልጥ ይሽከረከራል፣ ሃያ አመት ያለፈው ቱርቦ ላይ ደሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ዘይቱን በጊዜው ያልቀየረ ሰው የነዳው ከሆነ ቱርቦው ቶሎ ይሞታል። ዋናው ጭንቀቴ ታይሚንግ ቺንጊያው ነው፣ ቫልቭና ፒስተኑን እኩል ሚያስኬደው ማለት ነው፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ በቃ ሞተር ማውረድ ነው፣ ስለዚህ መቼ እንደተቀየረ በደረሰኝ ማያሳያችሁን ሻጭ አትመኑት፣ ውሃ ፓምፑም እዛው ቺንጊያ ላይ ስለሆነ አብሮ መቀየር አለበት። የዳሽቦርዱ ጌጅ መበላሸት የታወቀ በሽታው ነው፣ የነዳጁም የሙቀቱም መርፌ ይዋሻል፣ ለካንዴላው እሳት ሚሰጡት ኮይሎችም ይሞቱበታል። ደግ ነገሩ ሥሩ ጎልፍ 4 መሆኑ ነው፣ ብዙ የእግርና የሞተር እቃ ይጋራሉ፣ የጎልፍ እቃ ሚያመጣ ሰው ካወቃችሁ ግማሹ ችግር ተቃለለ። አንድ ነገር ደሞ ከኋላ ስፖይለር መኖሩን እዩ፣ መጀመሪያ የወጡት ቲቲዎች አውሮፓ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ሚዛን እየሳቱ ሰው ስለሞተባቸው ኦዲ መልሶ ጠርቶ ነው የጨመረው፣ ስፖይለሩን ለመልክ ብሎ ያስነሳ ሰው ካለ ያንን መኪና በፍጥነት መንገድ አትንዱት። ክረምት ላይ ግን በአራቱም እግር ሚነዳው ኳትሮው ከሦስቱ አንደኛ ነው፣ ሁሉም ቲቲ ኳትሮ አይደለም ግን፣ ጠይቁ።

86ን መንዳት ከሦስቱ ሁሉ ያስደስታል፣ ይሄን ሳልደብቅ ልናገር። በኋላ እግር ሚነዳ፣ 1,240 ኪሎ አካባቢ ሚመዝን፣ ካምቢዮው አጭርና ጥርት ያለ፣ መሪው ላይ መንገዱን በእጃችሁ ምትዳስሱት ነው ሚመስለው። ችግሩ ሞተሩ የቶዮታ ሳይሆን የሱባሩ ቦክሰር መሆኑ ነው፣ ቶዮታ ነው ብሎ የኮሮላ መካኒክ ጋ ሚሄድ ሰው እዚህ ላይ ነው ሚሳሳተው። ሲሊንደሮቹ ተኝተው ስለሆነ ካንዴላ መቀየር ራሱ ስራ ነው። በፈረንጅ በ2012 እና 2013 የተመረቱት ላይ ደሞ የቫልቭ ሞላ ሊሰበር ይችላል ተብሎ ፋብሪካው በፈረንጅ 2018 መልሶ ጠርቷቸው ነበር፣ እሱን ለመቀየር ሞተር መከፈት አለበት፣ እዚህ ያለው መኪና ይሄ ተሰርቶለታል ወይ ሚለውን በሻንሲ ቁጥሩ ማጣራት የናንተ ስራ ነው። ከመሬት ያለው ከፍታ 13 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ ዋናው መንገድ አሁን ለስላሳ ሆኗል፣ ግን ከፒያሳ ወደ ውስጥ ስትገቡ ኮብልስቶኑና ሰው ራሱ ያሰራው ጉብታ አለ፣ እሱን በሰያፍ ካላለፋችሁት ሆዱ ይቀራል። ጎማው ቀጠን ተደርጎ የተሰጠው ሆን ተብሎ እንዲንሸራተት ነው፣ ሐምሌ ላይ ቸርችል ጎዳናን ስትወርዱ መኪናው እንዳይንሸራተት ሚይዘውን መረጋጊያ እንዳታጠፉት።

ሴሊካ ከሦስቱ ደካማው ነው፣ ግን እኔ እስካሁን አልሸጥኩትም። ምክንያቱም 1,794 ሲሲው ሞተር ብዙ ኮሮላ ላይ ያለው ነው፣ ፊልተሩን፣ ካንዴላውን፣ ውሃ ፓምፑን፣ የሞተር ሴንሰሩን ሶማሌ ተራ ገብቼ ያጣሁበት ቀን የለም፣ ታይሚንጉም በካቴና ነው እንጂ በቺንጊያ አይደለም። በፈረንጅ ከ2002 በፊት የተመረቱት ላይ ግን ዘይት መብላት አለ፣ ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ትንንሽ ስለሆኑ ፋሻው ይደፈናል። የኔ የ2001 ነው፣ ስገዛው የሻጩ መካኒክ ዘይት ጠብ አይልም ብሎ ማለልኝ፣ እውነት ነው ጠብ አይልም፣ ያቃጥለዋል እንጂ፣ አዳማ ደርሼ ስመለስ የዘይት መለኪያው ጫፉ ብቻ ነው የረጠበው። ሞተሩን አስከፍቼ አዲሱን ፒስተን እስካስገባ አንድ አመት ሙሉ የኋላ ኮፈን ውስጥ ዘይት ይዤ ነው የዞርኩት፣ ስለዚህ ብትችሉ ከ2002 ወዲህ ያለውን ፈልጉ። ባለ 190 የፈረስ ጉልበቱ ሴሊካም አለ፣ ሞተሩ ከ6,000 ዙር በላይ ሌላ ሰው ነው ሚሆነው፣ ግን ለፒያሳ ትራፊክ ያንን ዙር የት ታገኙታላችሁ፣ የሞተሩም እቃ ከኮሮላው አይገጥምም። ሴሊካ ላይ ሚያስቸግረው ቦዲው ነው፣ የፊት መብራት፣ ባምፐር፣ መስታወት ከኮሮላ አይመጣም፣ ተጋጭቶ ስቱኮ የተለጠፈበትን አትግዙ። ስፖኪዮው እንዳይሰረቅም መኪናውን ማታ ግቢ ውስጥ አሳድሩት።

ለሦስቱም ሚሆን አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው ሚፈላው፣ ራዲያተሩን ሚያድነው ክዳኑ ሚይዘው ግፊትና ኩላንቱ ነው፣ ስለዚህ የቧንቧ ውሃ የተሞላና ተርሞስታቱ ወጥቶ የተጣለ ስፖርት መኪና ካያችሁ ሌላውንም ነገር እንደዛው አድርገው ነው የያዙት ማለት ነው፣ ተዉት። ለማየት ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩን እንዳታሞቁት በሉ፣ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ፣ ከዛ ቁልፉን ስታዞሩ ከኋላ ማርሚታው ጋ ሰው አቁሙ፣ ሰማያዊ ጭስ ካለ ያኔ ነው ሚታየው። ፍሪሲዮኑን ደሞ ሽቅብ ላይ ፈትኑት፣ በዚህ ከተማ ቀድሞ ሚያልቀው እሱ ነው።

ወረቀቱ ላይ አልቆይም፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋ አንድ መሆኑን፣ እዳና እግድ አለመኖሩን፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ አለመሆኑን እዩ። ኢንሹራንሱን ስትገቡ በዛሬው የገበያ ዋጋ አስገምቱት፣ በድሮው ዋጋ ገብቶ ሲጋጭ ግማሹን ብቻ የተከፈለው ሰው አውቃለሁ።

ያለኝ መኪና ይሄ ብቻ ነው፣ በየቀኑ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ እመላለሳለሁ ምትሉ ሴሊካ ውሰዱ። ሌላ መኪና ቤት ካላችሁና ሱባሩ ሚያውቅ መካኒክ ካገኛችሁ 86፣ ዋጋው ከሴሊካው በጣም ይርቃል ግን ገንዘቡ ካለ አያስቆጭም። ቲቲ ደረሰኝ ላለው ብቻ ነው። አንዱ ጓደኛዬ የ2003 ሴሊካውን ወስዷል፣ ሁለተኛው የቲቲውን ባለቤት የቺንጊያውን ደረሰኝ አምጣ ብሎት እስካሁን እየጠበቀ ነው።